ጆርጅ ሙለርና የማለዳው ንባብ

በየሳምንቱ ስንሰበሰብ ስለ እምነት ብዙ እንናገራለን። በእግዚአብሔር መታመን ይገባል እየተባባልንም አንዳችን አንዳችንን እናበረታታለን። ይሁን እንጂ ሰኞ ጠዋት ሲሆን፣ የቤት ኪራይ ቀን ሲደርስ፣ ወይም ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ሲኖር ያ እምነት ከወዴት ይገኛል ብለን ስንጠያየቅ ዝም እንላለን። በዚህ ገጽ የጆርጅ ሙለርን ሕይወት ልናወሳላችሁ የፈለግነው ስለዚህ ነው። ብዙዎቻችን ስሙን የሰማነው ማንንም ገንዘብ ሳይለምን በጸሎት ብቻ በሺህ የሚቈጠሩ የሙት ልጆችን አሳደገ ሲባል ነው። እኛ ግን ታሪኩን ስንመረምር ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የሳበው ይህ ሰው ጠዋት ጠዋት ከቁርስ በፊት ያደርገው የነበረው ነገር ነው። (የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ሙለር በ1805 ዓ.ም. በፕሩስያ አገር ክሮፐንሽቴት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ የመንግሥት ቀረጥ ሰብሳቢ ነበር። ልጁ ገና 10 ዓመት ሳይሞላው ለአባቱ በአደራ ከተሰጠው የመንግሥት ገንዘብ መስረቅ ጀመረ። አንድ ቀን አባቱ ጠርጥሮ ገንዘቡን ቈጥሮ አስቀመጠና በኋላ ልጁን ቢፈትሸው የጐደለው ገንዘብ ከጫማው ውስጥ ተገኘ። እናቱ በሞተችበት ሌሊት የ14 ዓመቱ ልጅ እስከ እኩለ ሌሊት በኋላ ድረስ ካርታ ይጫወት ነበር። በ16 ዓመቱ ደግሞ ሆቴል ውስጥ በልቶና ጠጥቶ የሚከፍለው ስላጣ ታሰረ፤ ሦስት ሳምንት ያህል በወህኒ ቤት ከቈየ በኋላ አባቱ ዕዳውን ከፍሎ አስፈታው።

የሚገርመው ይህንኑ ልጅ አባቱ ቄስ እንዲሆን መፈለጉ ነው። በዚያን ጊዜ በዚያ አገር ቅስና ጥሩ ኑሮ የሚያስገኝ ሥራ ነበርና። ሙለር በትምህርት ቤት ሳለ ከ300 የሚበልጡ የራሱ መጻሕፍት ነበሩት። የላቲን ደራስያንን እያነበበ ይመሰገን ነበር። ከእነዚያ ሁሉ መጻሕፍት መካከል ግን አንድ መጽሐፍ ቅዱስ እንኳ አልነበረም። ለቅስና የሚማር ሰው!

በ1825 ዓ.ም. በሃለ ዩኒቨርስቲ ተማሪ ሳለ ቤታ የሚባል ጓደኛው በአንድ ነጋዴ ቤት ቅዳሜ ማታ ማታ ስለሚደረግ ስብሰባ ነገረው። ሙለርም አብሬህ እሄዳለሁ አለ። በዚያ ቤት ከተሰበሰቡት አንዱ ተንበርክኮ ጸለየ። ሙለር በዚያች ማታ 20 ዓመቱ ነበር፤ ሰው ተንበርክኮ ሲጸልይ በዓይኑ አይቶ ግን አያውቅም ነበር። በማታው ስብሰባ አንድ ምዕራፍ ተነበበ፣ የታተመ ስብከት ተነበበ፣ መዝሙር ተዘመረ፤ ከዚህ የበለጠ ነገር አልተደረገም። ሙለር ግን የሕይወቱን መለወጥ ከዚያች ማታ ጀምሮ ይቈጥር ነበር።

እዚህ ላይ የታሪክ ጸሐፊዎች ቶሎ የሚያልፉትን አንድ ነገር ቈም ብለን ልንመለከተው እንወዳለን። ሙለር ከተለወጠ በኋላ ለአራት ዓመት ያህል መጽሐፍ ቅዱስን አጥብቆ አያነብም ነበር። ያነብ የነበረው ስለ መጽሐፍ ቅዱስ የተጻፉ መጻሕፍትን፣ የሚስዮናውያንን ወሬ፣ ስብከቶችንና ትናንሽ መንፈሳውያን ጽሑፎችን ነበር። በኋላ ስለ እነዚያ ዓመታት ሲጽፍ ራሱን ይወቅሳል፤ ብዙ ጊዜ በእምነት ሕፃን ሆኜ የቈየሁት በዚህ ምክንያት ነው ይላል። በ1829 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ ታመመ። ለማገገም በደቡብ ምዕራብ ባሕር ዳር ወዳለችው ወደ ቲንማውዝ ሲወርድ ክፍሉን ዘግቶ መጽሐፉን ብቻ ይዞ መቀመጥ ጀመረ። እኛም ይህችን በእስቴንስል የተባዛች ጽሑፍ ለእናንተ ስናዘጋጅ ይህ ነገር ትንሽ አሳፍሮናል። ሙለር ቢያየን ኖሮ ወረቀቱን አስቀምጣችሁ ዋናውን ክፈቱ ሳይለን አይቀርም ነበር።

በቲንማውዝ የአንዲት ትንሽ ማኅበረ ምእመናን አገልጋይ ሆነ፣ ሜሪ ግሮቭስ የምትባል ሴት አገባ፣ ደመወዙንም ተወ። በዚያ ቤተ ክርስቲያን መቀመጫ በገንዘብ ይከራይ ስለ ነበር ሀብታሙ መልካሙን ስፍራ ይይዛል፣ ድኻው ከኋላ ይቀራል፤ የአገልጋዩም ደመወዝ የሚከፈለው ከዚሁ ኪራይ ነበር። ሙለር የያዕቆብን መልእክት ያነበበ ሰው ይህን ገንዘብ መብላት አይችልም ብሎ ወሰነ። ከዚያ በኋላ የወደደ የሚሰጥበት ሣጥን ብቻ ተቀመጠ። በ1832 ዓ.ም. ወደ ብሪስቶል ከተማ ተዛወረ፤ እስከ ዕለተ ሞቱ መኖሪያው ይህችው ከተማ ነበረች። በ1834 ዓ.ም. መጽሐፍ ቅዱስን የሚያሠራጭ፣ ትምህርት ቤቶችንና ሚስዮናውያንን የሚረዳ ድርጅት አቋቋመ። በ1835 ዓ.ም. ሁለተኛ ልጁ ኤልያስ ገና ከአንድ ዓመት ጥቂት ወራት አልፎት ሳለ ሞተበት። የሙት ልጆችን ቤት ለመክፈት የተነሣው ይህ ኀዘን በደረሰበት በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው።

በዲሴምበር 1835 ዓ.ም. አንድ ማታ መዝሙር 81ን ሲያነብ 10ኛው ቁጥር ላይ ደረሰ። እግዚአብሔር ሕዝቡን አፋቸውን በሰፊው እንዲከፍቱ፣ እርሱም እንደሚሞላው የሚናገርበት ስፍራ ነው። ሙለር ስለዚህ ሥራ ይጸልይ የነበረው ፈቃድህ ይሁን ወይስ አይሁን እያለ ብቻ ነበር። ያን ቁጥር ካነበበ በኋላ ግን በግልጽ ቤት፣ 1,000 ፓውንድና ልጆቹን የሚንከባከቡ ሰዎች እንዲሰጠው ለመነ። ለሥራው የመጀመሪያ ምክንያት ያደረገው የልጆቹን ረኃብ ብቻ እንዳልነበረ ማወቅ ያሻል። እግዚአብሔር ዛሬም እንደሚሰማ ለደከሙ ክርስቲያኖች የሚታይ ማስረጃ እንዲሆን ይፈልግ ነበር።

ቤቱ ተከራየ፣ ዕቃው ተሰበሰበ፣ ሠራተኞቹ ተገኙ። በፌብሩዋሪ 3 ቀን 1836 ዓ.ም. ልጆች የሚመዘገቡበት ቀን ሆነ። ሙለር ተቀምጦ ጠበቀ። አንድም ሰው አልመጣም። ወደ ቤቱ ሲመለስ ነገሩ በራለት፤ ስለ ቤቱ፣ ስለ ገንዘቡና ስለ ሠራተኛው ሁሉ ጸልዮአል፣ ልጆች እንዲመጡ ግን አንድ ቀን እንኳ አልለመነም። የሙት ልጅ በሞላበት ከተማ ይህ ልመና ያስፈልጋል ብሎ ማን ያስባል? በዚያች ማታ ይህን ለመነ፤ በማግሥቱ የመጀመሪያው ማመልከቻ ደረሰው። ይህን ታሪክ ስናነብ በመካከላችን ሳቅ ነበረ፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን እያንዳንዳችን እንደማይቀር ቈጥረን ያልለመንነውን ነገር ማሰብ ጀመርን።

አሁን ወደ 1841 ዓ.ም. እንምጣ። ሙለር በጸደይ ወራት ኔይልስዎርዝ በምትባል ስፍራ እንግዳ ሆኖ ሳለ የጠዋት ልማዱን ለወጠ። ከዚያ በፊት ለ10 ዓመት ያህል ጠዋት ልብሱን እንደ ለበሰ በቀጥታ ይጸልይ ነበር። ብዙ ጊዜ ግን ሩብ ሰዓት፣ አንዳንዴም ግማሽ ሰዓት አሳቡ ሲባዝን ካለፈ በኋላ ነበር እውነተኛ ጸሎት የሚጀምረው። ይህ የማን ታሪክ ነው? ከመካከላችን ብዙዎቻችን ጠዋት ተንበርክከን ዓይናችንን እንጨፍናለን፤ አሳባችን ግን አስቀድሞ የአውቶቡስ ሰልፍ ላይና ፈተና ክፍል ውስጥ ደርሷል። ሙለር ያገኘው መፍትሔ ቀላል ነበር፤ አስቀድሞ ማንበብ ጀመረ። አዲስ ኪዳንን ከመጀመሪያው አንሥቶ በየጠዋቱ ጥቂት ጥቂት ያነብና በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ ያሰላስል ነበር። ለስብከት የሚሆን ነገር አይፈልግም ነበር፤ የገዛ ነፍሱን ለመመገብ ነበር። ወዲያው ንባቡ አንዴ ወደ ንስሐ፣ አንዴ ወደ ምስጋና፣ አንዴ ስለ ሌላ ሰው ወደ መማለድ ይለወጥ ነበር። ብዙ ጊዜም ፊደሉ ጐላ ያለ አዲስ ኪዳን ይዞ በመስክ ላይ እየተራመደ ነበር ይህን የሚያደርገው፤ ለጤናም ይበጃል ይል ነበር። የዕለቱ የመጀመሪያ ሥራዬ ነፍሴ በጌታ ደስ እንዲላት ማድረግ ነው፤ አገልግሎቱ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል ብሎ አመነ።

ይህ በጥጋብ ዘመን የተገኘ ትምህርት አልነበረም። ከ1838 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በዊልሰን መንገድ የነበሩት ቤቶች ከዕለት ወደ ዕለት ነበር የሚኖሩት። ጠዋት ተነሥተው የምሳውን ገንዘብ የማያውቁባቸው ቀኖች ብዙ ነበሩ። ሙለር በዱቤ አይገዛም፤ ሕጉ ነው። ሠራተኞቹ አብረው ይጸልያሉ፣ ከየራሳቸውም ኪስ ያላቸውን ይሰጣሉ። በ1841 ዓ.ም. መጨረሻ ችግሩ ሲበረታ ዓመታዊውን መግለጫ የሚያቀርብበት ጊዜ ደረሰ። መግለጫው ቢወጣ ሰው አዝኖ ይሰጥ ነበር። ሙለር ግን ልመና እንዳይመስልበት ብሎ ስብሰባውንም መግለጫውንም አቈየው፤ ችግሩም ከዚያ በኋላ ለወራት ቀጠለ። አንዳንድ ሰዎች መግለጫውን በየዓመቱ ማሳተሙ ራሱ በስውር መለመን አይደለም ወይ ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መጻሕፍቱ ብዙ ሰጪ እንዳፈሩለት አይካድም። ነገር ግን እጅግ በሚያስፈልገው ሰዓት አፉን የዘጋ ሰው መሆኑን ስናይ በቅንነቱ እናምናለን።

ጐረቤቶች ስለ ልጆቹ ጫጫታ በትሕትና ቅሬታቸውን በጻፉለት ጊዜ እውነት አላቸው ብሎ ከከተማው ዳር አሽሊ ዳውን በሚባል ኮረብታ ላይ አዲስ ቤት ለመሥራት ተነሣ። በ1849 ዓ.ም. 300 ልጆች የሚይዘው የመጀመሪያው ቤት ተከፈተ። እስከ 1870 ዓ.ም. ቤቶቹ አምስት ሆኑ፤ በጠቅላላውም 2,000 ያህል ልጆች የሚይዙ ነበሩ።

በ1857 ዓ.ም. በኖቬምበር ወር የመጀመሪያውን ቤት የሚያሞቀው ቦይለር ማፍሰስ ጀመረ። ቦይለሩ በጡብ የታጠረ ስለ ነበር ለማደስ እሳቱን አጥፍቶ ግንቡን ማፍረስ ያስፈልጋል። የሥራው ቀን ከተወሰነ በኋላ ብርቱ የሰሜን ነፋስ ተነሣ። በዚያ ብርድ 300 ሕፃናት ያለ እሳት ሊቀሩ ነው። ሙለር ሁለት ነገር ለመነ፤ ነፋሱ ወደ ደቡብ እንዲለወጥና ሠራተኞቹ በነህምያ ዘመን ቅጥሩን እንደ ሠሩት ሰዎች ለሥራው ልብ እንዲኖራቸው። ሁለተኛውን ልመና ከየት እንዳገኘው ልብ በሉ፤ በየቀኑ ከሚያነበው መጽሐፍ ነው። እስከ ማክሰኞ ማታ ነፋሱ የሰሜን ነበር። ረቡዕ የደቡብ ነፋስ ነፈሰ፤ አየሩም እሳት እስከማያስፈልግ ድረስ ለዘበ። ማታ ላይ የሠራተኞቹ አለቃ ሰዎቹ አምሽተው እንደሚሠሩ ሲናገር፣ እነርሱ ራሳቸው ሌሊቱን ሁሉ ብንሠራ እንመርጣለን አሉ። 30 ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ እሳቱ እንደ ገና ነደደ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ የለመነ ሁሉ ያገኛል ብለን በደስታ እንለያይ ነበር። በ1870 ዓ.ም. ግን ከ39 ዓመት በላይ አብራው የኖረች ሚስቱ ሜሪ በጽኑ ታመመች። ነፋስ እንዲለወጥ የለመነ ሰው ሚስቱ እንድትድን አልለመነም ማለት አይቻልም። በዚያ ሰሞን ለእርስዋ ያነበበላት ክፍል መዝሙር 84 ነበር፤ 11ኛው ቁጥር እግዚአብሔር በቅንነት ከሚሄዱት መልካሙን ነገር እንደማይነፍግ ይናገራል። ሙለር ይህን ቃል እንዲህ ተረዳው፤ የእርስዋ መዳን ለእኔ መልካም ከሆነ ትድናለች፤ ካልዳነች ግን በእውነት መልካም አልነበረም ማለት ነው። ሜሪ አልዳነችም። በቀብርዋ ጊዜ ራሱ ሰበከ፤ ርእሱንም ከመዝሙር 119 ቁጥር 68 ስለ እግዚአብሔር ቸርነት ከሚናገረው ወሰደ። እርስዋን ሲሰጠኝ ቸር ነበር፣ ይህን ያህል ዘመን ሲያቈይልኝ ቸር ነበር፣ ሲወስዳትም ቸር ነው ብሎ ስብከቱን በሦስት ከፈለው። በመካከላችን እናቱን ወይም ወንድሙን በቅርብ የቀበረ አለ፤ ይህን ክፍል ስናነብ አንዳንዶቻችን ይህን ለመናገር ገና አልቻልንም አልን። ሙለርም በአንድ ጠዋት አልደረሰበትም። አልጋዋ አጠገብ ሲቀመጥ መጽሐፉን ለ40 ዓመት ያህል ሲከፍተው ኖሯል።

ከ70 ዓመቱ በፊት ጥቂት ቀደም ብሎ ደግሞ ለስብከት መንገድ ጀመረ፤ እስከ 1892 ዓ.ም. ድረስም በብዙ አገሮች ተዘዋወረ። መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር 200 ጊዜ ያህል አንብቦታል፤ ከዚያ ግማሹን ያህል ተንበርክኮ። በሕይወቱ ዘመን ከ10,000 የሚበልጡ ልጆች በቤቶቹ አደጉ፤ በእጁ ያለፈው ገንዘብም ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር።

በማርች 9 ቀን 1898 ዓ.ም. ረቡዕ ማታ በሙት ልጆች ቤት የጸሎት ስብሰባ መራ። 92 ዓመቱ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ ሻይ ይዘውለት ሲገቡ ከአልጋው አጠገብ መሬት ላይ ወድቆ ሞቶ አገኙት። ንብረቱ ሲቈጠር የቤት ዕቃውና መጻሕፍቱ ተጨምረው ከ160 ፓውንድ ብዙም አልበለጠም። አስከሬኑ ሲያልፍ የብሪስቶል ሕዝብ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆመ። በመቃብሩ ላይ ያለውን ድንጋይ ያቆሙት እርሱ ያሳደጋቸው የሙት ልጆች ናቸው፤ ከየራሳቸው ባዋጡት ገንዘብ።