አሚሊያ ኤርሃርትና የባሕሩ ዳርቻ

ከእኛ ከተማሪዎቹ መካከል ሲያድጉ አይሮፕላን ነጂ ለመሆን የሚመኙ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን በዓል መታሰቢያ በሚወጣው በዚህ መጽሔት ምጽዋንና አሰብን ከሰማይ ያየችውን የአሚሊያ ኤርሃርትን ታሪክ ልንጽፍ ወሰንን። ዘመኑን የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አሚሊያ በ1897 ዓ.ም. በአሜሪካ በካንሳስ ግዛት አቺሰን በምትባል ከተማ ተወለደች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ የቆሰሉ ወታደሮችን ታስታምም ነበር። በ1920 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ለዐሥር ደቂቃ ያህል በአይሮፕላን ተሳፍራ ብትወጣ ልቧ እዚያው ሰማይ ላይ ቀረ። በሚከተለው ዓመት ገንዘቡን ሠርታ እያገኘች ኔታ ስኑክ ከምትባል ሴት አብራሪ ዘንድ ትምህርት ጀመረች፤ ብዙም ሳትቆይ የራስዋን ትንሽ ቢጫ አይሮፕላን ገዛች።

በ1928 ዓ.ም. ከሁለት ወንዶች ጋራ አትላንቲክን ተሻገረች፤ ዓለምም አጨበጨበላት። ነገር ግን አይሮፕላኑን የነዱት ወንዶቹ ስለ ነበሩ ሳትሠራ ያገኘችው ክብር አላስደሰታትም። በ1932 ዓ.ም. ያንኑ ውቅያኖስ ብቻዋን ለመሻገር ከኒውፋውንድላንድ ተነሣች። በመንገድ የከፍታ መለኪያው ተበላሸ፤ ክንፉን በረዶ ያዘው፤ ከሞተሩም ነበልባል ይታይ ነበር። እርስዋ ግን ዐሥራ አምስት ሰዓት ያህል በርራ በሰሜን አየርላንድ በአንድ የግጦሽ መስክ ላይ አረፈች። ይህን ያደረገች የመጀመሪያይቱ ሴት ሆነች።

በ1937 ዓ.ም. ዓለምን በምድር ወገብ አጠገብ ለመዞር መንገድ መሪዋን ፍሬድ ኑናንን ይዛ ጁን 1 ቀን ከማያሚ ተነሣች። አፍሪካን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አቋርጣ በካርቱም በኩል ምጽዋ ገባች። ዛሬ የኤርትራ ወደቦች የሆኑት ምጽዋና አሰብ ያን ጊዜ በኢጣልያ እጅ ነበሩ። ጁን 14 ቀን ከምጽዋ ወደ አሰብ የባሕሩን ዳር ይዛ በረረች። በግራዋ ቀይ ባሕር፣ በቀኝዋ የአፋር በረሓ ነበረ፤ መንገዱም ከ400 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የባሕር ዳርቻ ለአብራሪ ደግ መሪ ነው፤ ውሃና የብስ የሚለያዩበትን መስመር ከካርታው ጋራ እያስተያየ የት እንዳለ ያውቃልና። በማግስቱም የዐረብን ደቡብ ዳርቻ ተከትላ ሳታርፍ ካራቺ ደረሰች።

ጁላይ 2 ቀን ከኒው ጊኒ፣ ከላኤ፣ ስትነሣ ግን የሚመራት ዳርቻ አልነበረም። የምትፈልጋት የሃውላንድ ደሴት ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል ያለች፣ ርዝመቷም ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እዚያ ይጠብቃት የነበረው የአሜሪካ መርከብ ድምፅዋን በራዲዮ ሰማ፤ ነገር ግን በሚገባ መነጋገር ስላልተቻለ መንገዱን ሊያሳያት አልቻለም። መርከቦችና አይሮፕላኖች ከሁለት ሳምንት በላይ ፈለጓት፤ አላገኟትም። በ1939 ዓ.ም. መሞትዋ በሕግ ተረጋገጠ።

ይህን ስንጽፍ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቻችን ያን የመጨረሻ ጉዞ ባትሄድ ይሻላት ነበር አልን፤ ሌሎቻችን አልተቀበልንም። በአንድ ነገር ግን ተስማማን፤ የ1928ቱን ጭብጨባ ይዛ ብትቀመጥ ማንም ባልወቀሳት ነበር፤ እርስዋ ግን በእጅዋ ሠርታ ልትከፍለው ወደደች። በበዓላችን ቀን ለእኛም ይጨበጨብልናል። ያን ጭብጨባ ያተረፉልን ከእኛ በፊት የተማሩትና ያስተማሩት ናቸው፤ የእኛ ዕዳ ገና አልተከፈለም።