እንዳይሰብኩ የተከለከሉት መምህር፦ አናሲሞስ ነሲብ



በዚህ ዝግጅታችን ዘወትር የምናወራው ስለ ባለሥልጣናት ነው። ማን ተሾመ፣ ማን ተሻረ፣ ማን ማንን ከሰሰ። ይህን ስንሠራ ከርመን አንድ ነገር ታዘብን፤ እኛም እናንተም ለውጥ የሚባለው ነገር ከቤተ መንግሥት ብቻ የሚወጣ መስሎን ቁጭ ብለናል። በተለይ ክርስቲያን ነን የምንል ሰዎች እሑድ በጸሎታችን ሀገራችንን እናስባለን፤ ሰኞ ሥራ ስንገባ ግን እኔ ምን አቅም አለኝ ብለን እንተወዋለን። ስለዚህ ዛሬ ዜናውን ገታ አድርገን የአንድ ሰው ታሪክ ልንነግራችሁ ነው። ሥልጣን አልነበራቸውም፣ ሀብትም አልነበራቸውም። በልጅነታቸው እንደ ዕቃ የተሸጡ ሰው ናቸው። ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት ሳለን ስማቸውን እንኳ አልሰማንም። አናሲሞስ ነሲብ ይባላሉ፤ ወለጋ ውስጥ ደግሞ አባ ገመቺስ በሚለው ስማቸው የሚያውቃቸው ይበዛል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ልጁ የተወለደው በ1856 አካባቢ ኢሉባቦር ውስጥ ሁሩሙ አጠገብ ነው። ወላጆቹ ሂካ አሉት። ሂካ በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ገና ሲወለድ ነው ይህን ስም ያወጡለት! አራት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተበት። በ1869 ደግሞ የባሪያ ነጋዴዎች አፍነው ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ስምንት ጌቶች ተፈራርቀውበታል። ከኢሉባቦር ተነስቶ ቀይ ባሕር እስኪደርስ ድረስ በየገበያው እየተሸጠና እየተለወጠ ማለት ነው። ነሲብ የሚለውም ስም እናት አባቱ ያወጡለት አይደለም፤ በዚያ መንገድ ላይ የተለጠፈበት ነው። ቃሉ የዓረብኛ ሲሆን ዕጣ፣ ድርሻ ማለት ነው። ስሙን ቀርቶ ማንነቱን የነጠቁት ሰዎች ዕጣህ ይኸው ነው ያሉት ይመስላል።

ምጽዋ ሲደርስ በ1870 ቬርነር ሙንዚንገር የተባለ የስዊስ ሰው ነጻ አወጣው። ይህን ስም የታሪክ መጽሐፍ ያነበበ ያውቀዋል። ሙንዚንገር ያን ጊዜ የፈረንሳይ ቆንስል ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ለግብፅ አድሮ በኢትዮጵያ ላይ ዘምቷል፤ በ1875 አውሳ ላይ አፋሮች ገድለውታል። ለሀገራችን ወዳጅ አልነበረም። ይሁን እንጂ ያቺን አንዲት ቀን አንድን ልጅ ከገበያ አውጥቶ ምጽዋ ለሚገኘው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት አስረክቧል። ታሪክ እንዲህ ነው፤ ሰዎቹን ጥሩና መጥፎ ብለን በሁለት መስመር እንዳናሰልፋቸው ያስቸግራል።

ልጁ እዚያ ፊደል ቆጠረ፣ ትምህርቱንም ወደደው። በ1872 የትንሣኤ ዕለት ተጠመቀና አናሲሞስ ተባለ። አዲስ ኪዳን ያነበበ ሰው ስሙን አይስተውም። ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ ስለ አንድ ከጌታው የኮበለለ ባሪያ ይለምናል፤ ከእንግዲህ እንደ ወንድም ተቀበለው እያለ። የዚያ ባሪያ ስም ነው።

ከዚህ ወዲያ እኛም አንቱ እንላቸዋለን። ሚሲዮኑ ስዊድን ልኳቸው ስቶክሆልም አጠገብ ብሮማ በሚገኘው የዮሃኔሉንድ ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማሩ። ስዊድን፣ ኖርዌይና ጀርመን ያላችሁ ተመልካቾቻችን ያ የመጀመሪያ ክረምት ምን እንደሚመስል እኛ ባንነግራችሁም ታውቁታላችሁ። እዚያው መቅረት ይችሉ ነበር ወይ? ምናልባት። እሳቸው ግን ትምህርታቸውን ጨርሰው ወደ ምጽዋ ተመለሱ፤ ምሕረት ኃይሉን አገቡ፤ ወዲያውም ወደ ተወለዱበት ምድር ለመግባት ጉዞ ጀመሩ።

አልተሳካም። አፄ ዮሐንስ የውጭ ሚሲዮኖች መሀል ሀገር እንዳይገቡ ስለከለከሉ ቡድኑ በሱዳን ዞሮ በምዕራብ በኩል ሊገባ ሞከረ። ድካም ነው፣ ወባ ነው፣ በሽታ ነው። ወሰኑ አካባቢ ደርሰው ማለፍ ስላልቻሉ በሚያዝያ 1882 ካርቱም ተመለሱ፤ ሱዳን ውስጥ የማህዲ አመጽ የተቀጣጠለበት ጊዜ ነው። በ1886 ሌላ ሙከራ ተደረገ። በዚህኛው እንጦጦ ድረስ ገብተው ከንጉሥ ምኒልክ ፊት ቀረቡ። ተመለሱ ተባሉ፤ ተመለሱ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ታሪኩ እኛን የሚመለከተው። የሀገር ቤት በር ሁለት ጊዜ የተዘጋበት ሰው ምን ያደርጋል? ብዙዎቻችን የምናደርገውን እናውቀዋለን፤ ተሰብስበን እንበሳጫለን። አናሲሞስ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ተቀምጠው መጽሐፍ መተርጎም ጀመሩ። በእጃቸው ያለው ያ ብቻ ነበር።

ሲጀምሩት ግን ጉድ መጣ። ኦሮምኛው ጎደለባቸው። የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳሉ ነው ከአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተነጠሉት። ከዚያ ወዲያ የኖሩት በሌላ ቋንቋ መሀል ነው። የልጅ ኦሮምኛ ነው ያላቸው፤ ኢሳይያስን፣ መዝሙረ ዳዊትን፣ የጳውሎስን መልእክት ሊሸከም የሚችል የአዋቂ ቋንቋ አልነበራቸውም። ዋሽንግተን ወይም ሎንዶን ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች ይህን ነገር በቤታችሁ ታዩታላችሁ። ልጁ እናቱን ውሃ ስጪኝ ይላታል፤ ሐዘኑን በቋንቋዋ ሊነግራት ሲሞክር ግን ቃል ያጥረዋል። አናሲሞስ ይህን ጉድለታቸውን አልደበቁም፤ የሚያውቅ ሰው ፈለጉ።

የተገኘችው አስቴር ጋኖ ናት። የእሷም ታሪክ ከሳቸው አይሻልም። ነጻ ሆና የተወለደች የኦሮሞ ልጅ ናት፤ በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ ባሪያ ሆነች። በ1886 ቀይ ባሕርን አሻግረው ወደ ዓረብ ምድር ሊሸጧት ሲወስዷት የጣሊያን መርከቦች ጀልባዋን ያዙና ልጅቷ እምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች። ዕድሜዋ ዐሥራ አራት ግድም ነው። ያቺ ጀልባ ባትያዝ ኖሮ ዛሬ ስሟን የሚጠራ አይኖርም ነበር። ዛሬም በዚያው ባሕር ላይ በጀልባ ተሻግራችሁ ዓረብ ሀገር የገባችሁ እህቶቻችን ይህን ስታነቡ ምን እንደሚሰማችሁ እናስባለን።

አስቴር ቋንቋው በልባቸው ነበር። ለመዝገበ ቃላቱ ቃል የሰበሰቡት በአብዛኛው እሳቸው ናቸው። ከአያት ከቅድመ አያት ሲወርዱ የመጡ እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን አምስት መቶ ያህል በጽሑፍ አሰፈሩ። ከነዚህ ብዙዎቹ በ1894 ማንበብ ለሚጀምሩ ሰዎች በወጣው መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን መጽሐፍም አብዛኛውን የተረጎሙት አስቴር ናቸው። እኛ በግልጽ እንናገር ካልን የአናሲሞስ ስም ሲነሳ የአስቴር ስም አብሮ አለመነሳቱ ግፍ ነው። ሁለቱም ጌታና ገበያ የነጠቃቸውን ቋንቋ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ቃል በቃል መልሰው ሰበሰቡት።

አዲስ ኪዳን በ1893 እዚያው እምኩሉ ታተመ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ በቅዱስ ክሪሾና ማተሚያ ወጣ። የተጻፈው በግእዝ ፊደል ነው፤ በአማርኛ ለሌለው የኦሮምኛ ድምፅ «ዸ» የምትባለውን ፊደል ተጠቅመዋል። ቀደም ሲልም የጀርመኑ ሚሲዮናዊ ክራፕፍ ባስጀመረው የኦሮምኛ ትርጉም ላይ የአፄ ቴዎድሮስን ዜና መዋዕል የጻፉት ደብተራ ዘነብ ሠርተዋል። ይህን ያነሳነው በምክንያት ነው። ዛሬ በውጭ ሀገር ያለነው ሰዎች ቋንቋንና ፊደልን እንደ አጥር ተክለን በወዲያና በወዲህ ስንወራወር እንውላለን። አንዱ ወገን አናሲሞስን የፖለቲካ ባንዲራ ያደርጋቸዋል፤ ሌላው ወገን ነጮች የላኳቸው ሰው ናቸው ብሎ ያልፋቸዋል። ሰውየው ግን የሚፈልጉት ነገር በጣም ቀላል ነበር። የሁሩሙ ገበሬ የእግዚአብሔርን ቃል በሚገባው ቋንቋ እንዲሰማ።

በ1904 በሩ ተከፈተ። አናሲሞስ ከአስቴርና ከሌሎች ኦሮምኛ ተናጋሪ ባልደረቦቻቸው ጋር ወለጋ ገቡ። ከታፈኑ ሠላሳ አምስት ዓመታቸው ነው። በመጀመሪያ ቦጂ ሰፈሩ። የነቀምቴው ገዢ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ሞረዳ ግን ትምህርታቸውን ባዩ ጊዜ እዚህ ገጠር አይቀመጡም ብለው ነቀምቴ አመጧቸው። በዚያ ከተማ በኦሮምኛ መስበክ ጀመሩ፤ ሕዝቡ ወደዳቸው።

ጠላትም ወዲያው አፈሩ። በአካባቢው የነበሩት ካህናት ብዙዎቹ ኦሮምኛ አያውቁም፤ የሚሰበከው ምን እንደሆነ አይሰሙም፤ ሕዝቡ ግን ወደዚያ ይጎርፋል። ፍርሃታቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ የውጭ ሚሲዮን በሀገራችን ያመጣውን ጣጣ ከፋሲል አባት ከሱስንዮስ ጀምሮ የሚያውቅ ቤተ ክርስቲያን ነው። እንዲያም ሆኖ የተመሠረተው ክስ ከባድ ነበር፤ እመቤታችንን ይሳደባል የሚል። በግንቦት 1906 ከአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፤ አቡኑም እንዲጋዙ ወሰኑ። አፄ ምኒልክ ነገሩን አይተው ግዞቱን ሻሩላቸው። ነቀምቴ ይመለሱ፣ ከእንግዲህ ግን እንዳይሰብኩ ተባለ።

ሃምሳ ዓመት የሆናቸው ሰው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የተዘጋጁበት ነገር መስበክ ነው፤ ለዚያ ሲሉ ሱዳን በረሃ ላይ በትኩሳት ተቃጥለዋል፤ ለዚያ ሲሉ ከእንጦጦ ተመልሰዋል። አሁን ሕዝባቸው መሀል ገቡና አፋቸው ተዘጋ። አዲስ ግዞት በየጊዜው ያስፈራራቸዋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ ወይ ያምፃል፣ ወይ ወደ ስዊድን ይመለሳል፣ ወይ መሮት ይቀመጣል።

አናሲሞስ ነቀምቴ ትምህርት ቤት ገብተው ማስተማር ቀጠሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ከ1906 እስከ 1916 ለዐሥር ዓመት በአደባባይ የሚታይ ሥራቸው ይህ ብቻ ነበር። በየማለዳው ተነስቶ ለልጆች ፊደል ማስቆጠር። ይህን ዐሥር ዓመት ታሪክ ጸሐፊዎች በሁለት መስመር ያልፉታል፤ ጦርነት የለበት፣ ሹመት የለበት፣ ፎቶ የለበት። እኛ ግን የሰውየውን ሕይወት ስናየው ትልቁ ክፍል ይህ ይመስለናል። መስበክ የተከለከለ ሰው ሌሎች ራሳቸው የሚያነቡበትን ዓይን ሲከፍት ነበር የዋለው። ስብከቱን ያገደ ትእዛዝ ማንበብን አላገደም። መጽሐፉ ደግሞ በቋንቋቸው ታትሞ ተቀምጧል።

በ1916 ልጅ ኢያሱ እምነታቸውን እንዲሰብኩ ፈቀዱላቸው። ልጅ ኢያሱ ራሳቸው በዚያው ዓመት ከዙፋን ወረዱ፤ ፈቃዱ ግን አልተሻረም። ከዚያ በኋላ አናሲሞስ መጽሐፎቻቸውን እያደሉ፣ እያስተማሩ፣ እየሰበኩ ዐሥራ አምስት ዓመት ኖሩ። ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አባላት ያሏት መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በ1959 በይፋ ስትመሠረት ከመነሻዎቿ አንዱ ይህ የወለጋው ሥራ ነው። ከሳቸው ቤተ እምነት ውጭ ለሆናችሁ ተከታታዮቻችን ይህን የምንነግራችሁ እምነት ልናስቀይራችሁ አይደለም፤ እኛ በዚህ ዝግጅት ውስጥ ያለነውም የተለያየን ነን። በኦሮምኛ መጻፍና ማስተማር ሲገደብ በኖረባቸው ዓመታት በብዙ ቤት ውስጥ በዚያ ቋንቋ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ቢገኝ ያ የነ አናሲሞስና የነ አስቴር ሥራ ነበር፤ ይህን ደግሞ ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም፣ ሙስሊሙም ሊያውቀው የሚገባ የሀገር ታሪክ ነው።

አባ ገመቺስ ሰኔ ወር 1931፣ እሑድ ቀን፣ ነቀምቴ ላይ ዐረፉ። ባርነት በሀገራችን በሕግ ጨርሶ የተሻረው እሳቸው ካረፉ ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1942 ነው። አስቴር ጋኖ ከሳቸው በኋላ ሠላሳ ሦስት ዓመት ኖረው በ1964 ዐረፉ። ያን ሁሉ ቃል የሰበሰቡበት መዝገበ ቃላት ሳይታተም ቀረ።