ምድርን የለካ ዴቪድ ቶምሰን

ዴቪድ ቶምሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1770 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ሞተ፤ እናቱም ድኻ ነበረችና ለድኾች ልጆች በተሠራ ትምህርት ቤት አስገባችው። ዐሥራ አራት ዓመት በሞላው ጊዜ የእንስሳ ቁርበት የሚነግደው የሁድሰን ቤይ ኩባንያ ወደ ካናዳ ወሰደው፤ ከዚያም ወዲህ ወደ ለንደን ከቶ አልተመለሰም።

በ1788 ዓ.ም. ወድቆ እግሩ ተሰበረና ብዙ ወራት ከሥራ ተለየ። በዚህ ጊዜ ግን ፊሊፕ ተርነር ከሚባል መሬት ለኪ ዘንድ የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ ለክቶ ሰው የቆመበትን ስፍራ ማወቅን ተማረ። በዚያው ዘመን ቀኝ ዓይኑ ማየት ተወ። የአገልግሎቱ ዘመን ሲፈጸምም ኩባንያው እንደ ልማዱ በሚሰጠው ልብስ ፈንታ የመለኪያ መሣሪያ ለመነ።

በ1797 ዓ.ም. ወደ ሌላ ኩባንያ ገባ። በ1799 ዓ.ም. እናቷ ከክሪ ሕዝብ የሆነችውን ሻርሎት ስሞልን አገባ፤ ዐሥራ ሦስት ልጆችም ወለዱ። በምዕራብ ያሉ ሰዎች ሌሊት ሌሊት ሰማዩን ሲለካ አይተው ኮከብ ተመልካች ብለው ሰየሙት።

በ1808 ዓ.ም. የኩባንያው አለቆች ሁለት በርሜል አረቄ ተራራውን አሻግሮ እንዲወስድ አዘዙት። ቶምሰን ግን አረቄ ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ በዓይኑ አይቶ ነበረና በርሜሎቹን በአንድ ክፉ ፈረስ ላይ አስጫናቸው። ፈረሱም ሸክሙን ከድንጋይ ጋራ እያፋተገ ቀትር ሳይሆን ሰባበራቸው። ቶምሰን የሆነውን ሳይሸሽግ ለአለቆቹ ጻፈ፤ ሁለተኛ ቢልኩም እንዲሁ እንደሚያደርግ አስታወቃቸው። እርሱ በዚያ ንግድ ላይ ሹም ሆኖ እስካለ ድረስ አረቄ ተራራውን አልተሻገረም።

በ1811 ዓ.ም. የኮሎምቢያን ወንዝ ተከትሎ እስከ ታላቁ ባሕር ደረሰ፤ በ1814 ዓ.ም. የዚያን ሁሉ አገር ታላቅ ካርታ ፈጸመ። ኋላም ከ1817 እስከ 1827 ዓ.ም. በካናዳና በአሜሪካ መካከል ያለውን ወሰን ከለኩት ሰዎች አንዱ ሆነ፤ ሌክ ኦፍ ዘ ዉድስ በሚባለው ሐይቅ ዳር ከግንድ የተሠራ ምልክት አቆመ።

በእርጅናው ድኽነት ጸናበት። የሚወዳቸውን መሣሪያዎች ሸጠ፤ ካፖርቱን እንኳ መያዣ አድርጎ ገንዘብ ተበደረ፤ ዓይኑም ፈዘዘ። በ1857 ዓ.ም. በሞንትሪያል አጠገብ ዐረፈ፤ ሻርሎትም ሦስት ወር ሳይሞላ ተከተለችው። ለሁለት መንግሥታት የወሰን ምልክት ያቆመው ሰው በመቃብሩ ላይ አንዲት ድንጋይ እንኳ ሳይቆምለት ሰባ ዓመት ተኛ። የሕይወቱን ታሪክ የጻፈበትን ጽሑፍ ያሳተመው ጆሴፍ ቲረል ከሌሎች ጋራ ሆኖ በ1927 ዓ.ም. የድንጋይ ዓምድ አስተከለለት።