የኦሪዮንን ደመና ፎቶግራፍ ያነሣው ሐኪም

በታኅሣሥ ወር ሰማዩ በጠራ ጊዜ ከራት በኋላ ከቤት ወጥታችሁ ወደ ምሥራቅ ብትመለከቱ፣ ሦስት ብሩህ ከዋክብት በአንድ መስመር ተሰልፈው ታያላችሁ። እነዚህ ኦሪዮን በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ የሚገኙ ናቸው። ከእነርሱ በስተደቡብ ጥቂት ፈንጠር ብሎ እንደ ጭጋግ የደበዘዘ ብርሃን አለ። ይህም ኔቡላ የሚባል፣ አዳዲስ ከዋክብት የሚወለዱበት እጅግ ሰፊ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። ይህን ደመና ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶግራፍ ያነሣው ሄንሪ ድሬፐር የተባለ አሜሪካዊ ነበር።

ድሬፐር እ.ኤ.አ. በ1837 በቨርጂኒያ ተወለደ። አባቱ ጆን ዊሊያም ድሬፐር የኬሚስትሪ ሊቅ ሲሆን፣ ጨረቃን ፎቶግራፍ በማንሣት ከቀደሙት ሰዎች አንዱ ነበር። ልጁ የሕክምና ትምህርቱን ገና በ20 ዓመቱ ፈጸመ፤ ሆኖም ዕድሜው ለዲግሪ ስላልደረሰ አንድ ዓመት መጠበቅ ነበረበት። በዚህ መካከል በ1857 ወደ አየርላንድ ተሻግሮ የሎርድ ሮስን ታላቅ ቴሌስኮፕ ጐበኘ። ከዚያ ወዲህ በገዛ እጁ ቴሌስኮፕ ሠርቶ ሰማይን ፎቶግራፍ የማንሣት ምኞት አደረበት።

ወደ አገሩ እንደ ተመለሰ፣ ከኒው ዮርክ ከተማ በስተሰሜን በሃድሰን ወንዝ ዳር በሚገኘው የቤተ ሰቡ ርስት ላይ ሥራውን ጀመረ። የመጀመሪያውን መስተዋት ከብረት ቅይጥ አበጀ፤ ግን ምን ሆነ? በአንድ ብርቱ ክረምት ጥቂት የውሃ ጠብታዎች ወደ መስተዋቱ ማቀፊያ ገብተው ወደ በረዶ ሲለወጡ ለሁለት ሰነጠቁት። የብዙ ወራት ድካም በአንድ ሌሊት ጠፋ። ድሬፐር ግን ሥራውን አልተወም። ሊቁ ጆን ኸርሸል ለአባቱ የሰጠውን ምክር ተቀብሎ፣ በብር የተለበጠ የብርጭቆ መስተዋት መሥራት ጀመረ። ትክክለኛውን እስኪያገኝ ድረስም ታላላቅና ታናናሽ መስተዋቶችን እየደጋገመ ሞረደ፤ ወለወለ።

የደመናው ነገር ግን ከጨረቃ ይልቅ አስቸጋሪ ነበር። ብርሃኑ እጅግ ደካማ ስለሆነ፣ የፎቶግራፉ ሰሌዳ ለረጅም ጊዜ ብርሃን መሰብሰብ አለበት። በዚያ ዘመን የተለመደው እርጥብ ሰሌዳ ደግሞ በጥቂት ደቂቃ ይደርቅና ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ከዚህም በላይ ምድር ስለምትሽከረከር ኮከቡ ከስፍራው የሚሸሽ ይመስላል። ስለዚህ ቴሌስኮፑ በሰዓት መሣሪያ እየተመራ፣ ሳይንቀጠቀጥ ኮከቡን መከተል ይገባዋል።

ደረቁ ሰሌዳ በተገኘ ጊዜ ድሬፐር ዕድሉን አላሳለፈም። መስከረም 30 ቀን 1880 እ.ኤ.አ. ሌሊት፣ በ28 ሳንቲሜትር ቴሌስኮፕ የኦሪዮንን ደመና ለ51 ደቂቃ ያህል በሰሌዳው ላይ አሳረፈ። ሥዕሉ የደመናውን ብሩህ መካከል ብቻ የሚያሳይ ነበር። ቢሆንም በዚህ አልረካም፤ በመጋቢት 1882 ጊዜውን ወደ 137 ደቂቃ አራዘመና እጅግ የደበዘዙ ከዋክብትን ጭምር የያዘ ሥዕል አገኘ።

ከዚህም የበለጠ ሊሠራ ሲያስብ ሞት ቀደመው። በዚያው ዓመት በተራሮች ላይ ለአደን ወጥቶ ሳለ ብርድ መታው፤ ኅዳር 20 ቀን በሳንባ ሽፋን በሽታ በ45 ዓመቱ ዐረፈ። በሥራው ሁሉ ረዳቱ የነበረችው ሚስቱ ሜሪ አና፣ ጅምሩ እንዳይቀር ብላ ለሃርቫርድ የከዋክብት ጥናት ጣቢያ ገንዘብ ሰጠች። በዚህም ርዳታ ከ1918 እስከ 1924 ድረስ 225,300 ከዋክብት የተመዘገቡበት መዝገብ በስሙ ታተመ። ሊቃውንት እስከ ዛሬ ብዙ ከዋክብትን የሚጠሩት በዚሁ መዝገብ ቍጥር ነው።

እንግዲህ ተማሪዎች፣ የመጀመሪያ ሙከራችሁ ሳይሳካ ሲቀር ያን የተሰነጠቀ መስተዋት አስታውሱ። ድሬፐር ለሁለት በተከፈለው መስተዋት ፊት ተስፋ ቆርጦ ቢቀር ኖሮ፣ ያ የ51 ደቂቃ ሌሊት ባልመጣም ነበር።