አቡነ ማስያስ፦ በሦስት ልሳን ያደጉት ሐዋርያ

ካርዲናል ጉልዬልሞ ማሳያ፣ በአገራችን ሰው አጠራር አቡነ ማስያስ፣ ለኦሮሞ ሕዝብ የተሾሙ የመጀመሪያው ካቶሊካዊ ጳጳስ እንደ ነበሩ ብዙዎቻችን ሰምተናል። ፈንጣጣን በመከተባቸው፣ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር በነበራቸው ወዳጅነትና በተደጋጋሚ በደረሰባቸው ስደትም ስማቸው ይነሣል። እምብዛም የማይነገረው የልጅነታቸው ነገር ነው። በዱከም፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በአዳማ ብዙ ልጆች በቤት ኦሮምኛ፣ በገበያና በጎረቤት አማርኛ፣ በትምህርት ቤት ደግሞ እንግሊዝኛ እየሰሙ ያድጋሉና የእኚህ አባት ሕይወት በዚህ በኩልም ቢነበብ መልካም መስሎ ታይቶናል። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጁን 8 ቀን 1809 በሰሜን ጣሊያን፣ በፒዬሞንት አውራጃ፣ ፒዮቫ በምትባል የገጠር መንደር ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለዱ። የጥምቀት ስማቸው ሎሬንሶ አንቶኒዮ ነበር። በተወለዱበት ዘመን አገሩ በናፖሊዮን ፈረንሳይ ሥር ስለ ነበረ የመንግሥቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነው፤ ይህም እስከ 1814 ቆየ። የገበሬው ቤት ቋንቋ ግን ፒዬሞንትኛ ነበር። ይህ ልሳን ከጣሊያንኛ የሚለይ በመሆኑ የእርሻ፣ የከብትና የወይን ነገር የሚነገርበት፣ እናት ልጇን የምታባብልበት እርሱ ነው። ጣሊያንኛ የትምህርትና የመጽሐፍ ቋንቋ ሲሆን፣ በመቅደስ የሚሰማው ደግሞ ላቲን ነበር። ካህን የነበሩት ታላቅ ወንድማቸው ጉልዬልሞ የመጀመሪያውን ትምህርት ካስቀመሷቸው በኋላ ወደ አስቲ ከተማ ሄደው ቀጠሉ። በ1826 ወደ ካፑቺን ማኅበር ሲገቡም የወንድማቸውን ስም ወሰዱ።

እንግዲህ ይህ ልጅ ያደገው በሦስት ልሳን ነው። ማንም ይህን እንደ ልዩ ጥበብ አልቆጠረለትም፤ የመንደሩ ልጅ ሁሉ ዕጣ ነበርና። እያንዳንዱ ልሳን የራሱ ቤት፣ የራሱ ሰዓት ነበረው። ከዚህ የተነሣ ልጁ ገና በጠዋቱ አንድ ትልቅ ነገር ያውቃል ብንል ስሕተት አይሆንም፤ ይኸውም ውኃ ከአንድ በላይ ስም እንዳለው፣ የእርሱን ቋንቋ የማይናገር ሰውም ዲዳ እንዳልሆነ ነው። አንድ ቋንቋ ብቻ ይዞ ያደገ ሰው ይህን የሚማረው በዕድሜው መካከል ነው፤ አንዳንዱም ሳይማረው ይሞታል።

ሦስት ቋንቋ የልጅን አእምሮ ያደናግራል የሚል ፍርሃት በወላጆች ዘንድ እንዳለ እናውቃለን። ፍርሃቱ የእኛ ብቻ አይደለም። እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ በአውሮጳና በአሜሪካ ብዙ ሊቃውንት እንዲሁ ያምኑ ነበር። በ1962 ግን ፒልና ላምበርት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በካናዳ፣ በሞንትሪያል ከተማ የአሥር ዓመት ልጆችን መርምረው፣ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ አጣምረው የሚያውቁት በአንድ ቋንቋ ብቻ ካደጉት የተሻለ ውጤት ማምጣታቸውን አሳተሙ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ብልጫው በሁሉም ዘንድ እኩል እንደማይታይ ቢያሳዩም፣ የቀድሞው ፍርሃት መሠረት እንደሌለው አረጋግጠዋል። ልጅ አንዱን ቃል ከኦሮምኛ፣ ሌላውን ከአማርኛ ወስዶ በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢያጣምር የማደግ ምልክት እንጂ የመደናገር ምልክት አይደለም። የሚጎዳውስ ሌላ ነገር ነው፤ ልጁ እንግሊዝኛ ይልመድ በሚል አያቱ የምትናገረውን ቋንቋ ከቤት ማስወጣት ነው። በዩኔስኮ የተሰበሰቡ ሊቃውንት በ1953 ባሳተሙት ዘገባ፣ የሕፃን ትምህርት በእናቱ ቋንቋ ቢጀመር የተሻለ መሆኑን አመልክተው ነበር።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ማሳያ በ1832 ማዕርገ ክህነት ተቀበሉ፤ በቱሪን ከተማ በማውሪሲያኖ ሆስፒታል የሕሙማን ካህን ሆነው ሲያገለግሉም ጥቂት የሕክምና ጥበብ ቀሰሙ። ቀጥለው በማኅበራቸው ገዳም ፍልስፍናና ነገረ መለኮት አስተማሩ። በዚህ ጊዜ አንቷን ዳባዲ የተባለ አገር መርማሪ የኦሮሞን አገር ጎብኝቶ ለዚያ ሕዝብ ሚሲዮን እንዲቋቋም ሮማን አጥብቆ ለመነ። ይህም ሰው አባቱ ባስክ፣ እናቱ አይርላንዳዊት፣ የተወለደው በደብሊን፣ ያደገው በፈረንሳይ ሲሆን፣ የአባቱን የባስክ ቋንቋ ሳይንቅ ዕድሜውን ሙሉ የተከራከረለት፣ በኋላም የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያሳተመ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ በ1846 የኦሮሞን ሐዋርያዊ ቪካሪያት አቋቁመው ማሳያን ጳጳስ አድርገው ሾሟቸው።

በዚያው ዓመት ምጽዋ ደረሱ፤ ወደ ተላኩበት ሕዝብ ለመድረስ ግን ስድስት ዓመት ፈጀባቸው። መንገዱ በየአቅጣጫው ተዘግቶባቸው ነበር። በዚህ ጊዜ፣ በ1849 መጀመሪያ፣ ቅዱስ ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስን በምጽዋ በሌሊት ቀብተው ለጵጵስና አበቋቸው። በመጨረሻ በግብጽና በሱዳን ዞረው፣ በነጋዴ ስም ተሰውረው፣ በ1852 ዓባይን ተሻግረው ጉዱሩ ውስጥ አሰንዳቦ ገቡ። በዚያም የአገሩ ገዥ ጋማ ሞራስ ተቀበሏቸው።

አርባ ሦስት ዓመታቸው ነበር። ኦሮምኛ በልጅነታቸው ከሰሟቸው ቋንቋዎች ጋር ዝምድና የለውም። በልጅነት ያልሰማ ጆሮ «ዸ» የምትለውን ድምፅ ሲሰማ ከ«ደ» አይለያትም። የድምፅ ማጠርና መርዘም ትርጉም ይለውጣል፤ «ለፈ» ሲባል ምድር ነው፣ «ላፋ» ሲባል ግን ለስላሳ ነው። የዱከም ልጅ ይህን ያለ መምህር፣ በጨዋታ ያውቀዋል። ጳጳሱ ግን ከሕዝቡ አፍ እየለቀሙ፣ እየጻፉ፣ እያረሙ ተማሩት። በፊታቸው ክራፕፍ በ1840፣ ቱትሼክም በ1840ዎቹ አጋማሽ ስለ ኦሮምኛ አሳትመው ስለ ነበር የመጀመሪያው ጸሐፊ እርሳቸው ናቸው ማለት አይቻልም። በሕዝቡ መካከል እየኖሩ፣ ለሚያጠምቁት ሰው ብለው ሰዋስውን ማጥናታቸው ግን ሥራቸውን ልዩ ያደርገዋል።

የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ በኦሮምኛ አዘጋጁ። ማተሚያ ስላልነበረ ትምህርቱ በእጅ ይገለበጥ፣ በቃልም ይጠና ነበር። ይህ ለዛሬ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ቀላል ነገር አይደለም። ላቲን የቤተ ክርስቲያናቸው ቋንቋ ነበር፤ አማርኛም በንጉሥ አደባባይ የሚያስከብር ነበር። ሆኖም ሃይማኖትን ለልጅ ያስተማሩት ልጁ እናቱን በሚጠራበት ልሳን ነው። ፒዬሞንትኛ ተናግሮ ያደገ ልጅ፣ የቤት ቋንቋ ከመጽሐፍ ቋንቋ እንደማያንስ የሚያውቅ ልጅ፣ ጳጳስ በሆነ ጊዜ እንዲህ ማድረጉ ሊያስገርመን አይገባም። በየቁምስናችን አባታችን ሆይን በአንድ ቋንቋ ብቻ ማስጠናት ሥራን እንደሚያቀል እሙን ነው፤ ልጁ ቤቱ ገብቶ ከአያቱ ጋር መጸለይ ካልቻለ ግን ምን እንዳተረፍን መጠየቅ ይኖርብናል።

ከጉዱሩ ወደ እናርያ፣ ከዚያም ወደ ከፋ ዘልቀው አስተማሩ፤ በ1861 የከፋው ንጉሥ አባረራቸው። ወደ አውሮጳ ተመልሰው በ1866 በፈረንሳይ አገር በማርሴይ ለኦሮሞ ወጣቶች ትምህርት ቤት ከፈቱ። በ1867 ደግሞ በፓሪስ የአማርኛንና የኦሮምኛን ሰዋስው በአንድ መጽሐፍ አሳተሙ፤ መጽሐፉ በላቲን የተጻፈው ለሚመጡት ሚሲዮናውያን ነበር። ሁለቱን ቋንቋዎች በአንድ ጥራዝ ማስቀመጣቸው ለእኛ ብዙ ይናገራል። በዚያ ዘመንም ሆነ ከዚያ በኋላ አንዱን ለማንሣት ሌላውን መጣል የሚገባ የመሰለው ሰው አልጠፋም።

በ1868 ልቼ ከምኒልክ ዘንድ ደረሱ። የሸዋው ንጉሥ እንደ አማካሪ ስላስጠጓቸው ከዛሬው አዲስ አበባ ምድር በፊንፊኔ፣ ብርብርሳ በተባለው ስፍራ ሚሲዮን አቋቋሙ፤ ይህም ከዱከም የአንድ ቀን የእግር መንገድ ነው። ቦታው አማርኛና ኦሮምኛ የሚገናኙበት ስለ ነበር ሁለቱን የማያውቅ ሰው በዚያ ብዙ ሊሠራ አይችልም ነበር። በ1872 ምኒልክ ወደ ጣሊያን መልእክት ሲልኩ መልእክተኛው ከዚሁ ሚሲዮን ካህናት አንዱ የሆኑት አባ ሚካኤል ነበሩ። ቋንቋ የተማረ ልጅ የት እንደሚደርስ ወላጅ አስቀድሞ አያውቅም።

በ1879 ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ ከአገር እንዲወጡ አዘዙ። ሽማግሌውና ሕመምተኛው ጳጳስ በሱዳን በኩል ወጡ፤ ዳግመኛም አልተመለሱም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን 13ኛ በ1884 ካርዲናል አደረጓቸው፤ የሠላሳ አምስት ዓመት የሚሲዮን ሕይወታቸውንም እንዲጽፉ አዘዟቸው። ማስታወሻዎቻቸው በስደት ጠፍተው ስለ ነበር አብዛኛውን ከትዝታቸው አውጥተው ጻፉ፤ ሥራውም በ12 ቅጽ ታተመ። ኦገስት 6 ቀን 1889 በኔፕልስ አጠገብ፣ በሳን ጆርጆ አ ክሬማኖ አረፉ፤ እንደ ፈቃዳቸውም በፍራስካቲ በካፑቺኖች ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በዲሴምበር 2016 ጀግናዊ ምግባራቸውን አጽድቀዋል። የተወለዱባት መንደርም ዛሬ ፒዮቫ ማሳያ ተብላ በስማቸው ትጠራለች።