ፈቃድ የሚጠየቁት ንጉሥ

ዛሬ ጫካ ገብቼ ላድን የሚል ሰው ፈቃድ የሚያወጣው ከመንግሥት ነው። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚጠየቅ የግል ባለመሬት የለም። ከኪቶ ፉርዲሳ ተነስተን ከተማውን አቋርጠን ጅሬን ስንወጣ ግን፣ ፈቃድ ይጠየቁ የነበሩ አንድ ሰው ቤተ መንግሥት እናገኛለን፤ የዳግማዊ አባ ጅፋር።

አባ ጅፋር በ1878 (እ.ኤ.አ.) ሲነግሡ ገና ወጣት ነበሩ። የጅማ ድንበር በቦይና በአጥር የተከለለ፣ መግቢያው በኬላ የሚጠበቅ ነበር። ከአጥሩ ውጪ ሞጋ የሚባል የማይታረስ ባዶ መሬት አለ። የዝሆን ጥርስ ፈላጊም ሆነ ሲራራ ነጋዴ ኬላው ላይ ሳይጠየቅ ዝም ብሎ አይገባም።

የምኒልክ ጦር ሲቃረብ አባ ጅፋር የእናታቸውን የጉሚቲን ምክር ሰምተው ግብር ለመክፈል ተስማሙ። ግብሩ ከባድ ነበር፤ በምትኩ ግን የአገራቸው አስተዳደር በእጃቸው ቀረ። ጎረቤት ከፋ እምቢ ብሎ ተዋጋ፤ በ1897 ንጉሡ ተማርኮ አገሩ ወደመ። እንደ ኢኮኖሚክስ ተማሪ ሳየው፣ አባ ጅፋር በግብሩ የገዙት ኬላቸውን ነው።

ይህን ስናደንቅ ግን አንድ ነገር አንርሳ። በዚያው ኬላ፣ በሂርማታ ገበያ በኩል፣ ባሪያም ያልፍ ነበር። እነዚያን ሰዎች ፈቃዳቸውን የጠየቀ የለም።

አባ ጅፋር በ1932 አረፉ። የጅማ ራስ ገዝነትም በዚያው ዓመት አበቃ። ኬላው የቆየው ግብር ከፋዩ እስካሉ ድረስ ብቻ ነበር ማለት ነው።