ዶክተር አክሊሉ ለማና የእንዶድ ውሃ

እ.ኤ.አ. በ1935 የተወለዱት ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተዋሉ። የበሽታው ትል የሚራባው በቀንድ አውጣ ውስጥ በመሆኑ፣ ምልከታው በሽታውን ከምንጩ የመግታት መንገድ ከፈተ።

ኋላ እንደታወቀው፣ በፍሬው ውስጥ ያሉት ሳፖኒኖች ሁለት የስኳር ሰንሰለት ሲይዙ ቀንድ አውጣን አይገድሉም። ፍሬው ተወቅጦ በውሃ ሲዘፈዘፍ የተክሉ ኢንዛይም አንደኛውን ሰንሰለት ይቆርጣል፤ ገዳዩ ውህድም ያኔ ይገኛል። በአልኮል ሲዘፈዘፍ ግን ኢንዛይሙ እንደ ብዙ ፕሮቲኖች ቅርጹን ስቶ ይጓጉላል፤ ሥራውንም ያቆማል። ስለዚህ የእናቶች መውቀጥና መዘፍዘፍ ራሱ የኬሚስትሪው ወሳኝ ደረጃ ነበር።

አክሊሉ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ፤ ለማቶክሲን የተባለው ውህድም በስማቸው ተሰየመ። በዓድዋ በተደረገው የአምስት ዓመት ሙከራ በሕፃናት ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 ወደ 7 በመቶ ወረደ። ይሁንና የመርዛማነት ጥናት መሟላት አለበት የሚለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ሥራውን ለረጅም ዓመታት አዘገየው። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለው፣ በ1997 አረፉ። ኢንስቲትዩቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራል፤ ቢልሃርዚያ ግን በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ገና አልጠፋም።